ማሽኑ የሞተውን ቀንድ አውጣ ያየዋል?

ዕድሜውን ላቦራቶሪ ውስጥ የጨረሰ ሰው ማሽን አያመልክም፤ አይንቅምም። እኔ ሥራ ስጀምር የደም ሕዋስ የምንቆጥረው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን፣ በጣታችን ጠቅ ጠቅ የምናደርጋትን መቁጠሪያ ይዘን ነበር። አንገት ይደርቃል፣ ዓይን ይፈዛል፤ መሀል ላይ ሰው በር አንኳኩቶ ከገባ ቁጥሩ ይጠፋና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ዛሬ ሲቢሲ የምንለው መሣሪያ ጠብታ ደም ይስብና ሕዋሶቹን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋቸዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ለቅጽበት ያውከዋል፤ መሣሪያው ያንን መታወክ ይቆጥራል። በአንድ ደቂቃ ገደማ በሺዎች ቆጥሮ ወረቀቱን ያወጣልሃል። ስለዚህ "ማሽን ከሰው ይበልጣል ወይ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። በመቁጠር ከሆነ ድሮ በልጦኛል፤ አልተቀየምኩትም።

አንድ ጠዋት ይኸው መሣሪያ የአንዲት ሴትዮ ፕላትሌት 19 ሺህ ነው አለ። ፕላትሌት ማለት ስንቆረጥ ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን ሕዋስ ነው፤ ጤነኛ ሰው በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ በላይ አለው። 19 ሺህ የደረሰ ሰው ድዱ ይደማል፣ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ባይወጣበትም ሐኪም እንቅልፍ ያጣል። ሴትዮዋ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከጎኗ ካለችው ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ እየተሳሳቀች ታወራለች። ተለማማጁ ልጅ ውጤቱን መዝገብ ላይ ሊያሰፍር ሲል "ቆይ እስቲ" አልኩት። ከዚያው ደም ስላይድ ላይ ቀጭን አድርገን ቀባን፣ ቀለም አጠጣነው፣ ዘይት ጠብ አድርገን በመቶው ሌንስ አየነው። ፕላትሌቶቹ ሞልተዋል፤ ግን እርስ በርስ ተጣብቀው ክምር ክምር ሠርተዋል። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚደረገው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ደም ላይ ይህን ያደርጋል። መሣሪያው ክምሩን ፕላትሌት ብሎ አይቆጥረውም። ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደግመን ቀዳንላት፤ ፕላትሌቷ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ልጁ ተደሰተ። "ጋሼ፣ እንግዲህ ማሽን አያስብም ማለት ነዋ! ሴትዮዋን አላያትም፤ እርስዎ ግን አይተዋታል።"

የእኛ ሙያ ሰዎች እንዲህ ያለውን ታሪክ ማውራት እንወዳለን። ግን የምንፈልገውን አያረጋግጥልንም። መሣሪያው ሴትዮዋን ያላያት ካሜራ ስላልተገጠመለት ነው። ካሜራ ተገጥሞለት ስላይዱን ቢያሳዩት ክምሩን ሊለየው ይችል ነበር፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች "ተጣብቆ ሊሆን ይችላልና በዓይን ይታይ" የሚል ምልክት ራሳቸው ያወጣሉ። ዓይን ማነስ አንድ ነገር ነው፤ አእምሮ ማነስ ሌላ ነገር። ይህን ስለው ልጁ ዝም አለና ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀኝ። ማሽን አንድ ቀን ራሱን የሚያውቅ፣ የሚሰማው ፍጡር ይሆናል? ሰው ያላገኘውን ነገርስ ያገኛል?

ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠይቃቸዋል። አዲስ ነገር ለማግኘት መጀመሪያ ንቃተ ኅሊና ያስፈልጋል ብለን ስለምናስብ ነው። እኔ ለያይቼ ባያቸው እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው ቀላል ነውና ከእሱ ልጀምር። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ማሽን አዲስ ነገር ያገኛል። አግኝቷልም። በዌልስ በአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኪንግ የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው አዳም ብለው የሰየሙት ሮቦት ነበራቸው። አዳም የሰው መልክ የለውም፤ አንድ ክፍል የሚሞላ የማቀዝቀዣ፣ የማሞቂያ፣ ፈሳሽ የሚቀዳ ክንድና የኮምፒውተር ስብስብ ነው። ሥራው እርሾ ነበር። እርሾ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኢንዛይሞች መኖራቸው እየታወቀ የትኛው ጂን እንደሚሠራቸው ግን አይታወቅም ነበር። አዳም ግምት ያወጣል፤ ግምቱን የሚፈትን ሙከራ ይነድፋል፤ እርሾውን ራሱ ያራባል፣ ይለካል፤ በውጤቱም ግምቱን ያጸናል ወይም ይጥላል። በ2009 ሥራው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ሰዎቹ ግኝቱን በእጃቸው ደግመው ሲፈትሹት ልክ ሆኖ አገኙት።

አዳም ካለ ሔዋን መምጣቷ አይቀርም። ሁለተኛዋን ሮቦት ሔዋን አሏትና ወባን ጨምሮ ሀብታሞቹ አገሮች ችላ ለሚሏቸው በሽታዎች መድኃኒት እንድትፈልግ አደረጓት። በ2018 በወጣው ጥናት፣ ትሪክሎሳን የተባለው ለጥርስ ሳሙና መሥሪያ ያገለግል የነበረ ኬሚካል የወባ ተውሳክን ዲኤችኤፍአር የሚባል ኢንዛይም እንደሚያስቆም በሔዋን እርዳታ ታወቀ። ይህ ኢንዛይም ለእኔ ትውልድ ባዕድ አይደለም። ፋንሲዳር በተባለው የወባ ኪኒን ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን የሚመታው እሱኑ ነው። ተውሳኩ ፋንሲዳርን ተላምዶ አልሞት ሲል፣ በሽተኛው ኪኒኑን ውጦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ ስላይዱ ላይ ያንኑ የቀለበት ቅርጽ ደግመን ስናይ የነበርን እኛ ነን። ኢትዮጵያ በ2004 ኮአርተም ወደተባለው መድኃኒት የተዛወረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሔዋን ያገኘችው ኬሚካል ፒሪሜታሚንን የተላመደውን ኢንዛይም ጭምር ያስቆማል። ፋርማሲ የገባ መድኃኒት አልሆነም፤ ግን ሰው ያላወቀው ነገር ነበር፤ አሁን ታውቋል።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሃሊሲን ነው። በአሜሪካ ኤምአይቲ ጂም ኮሊንስና ሬጂና ባርዚላይ የመሩት ቡድን 2,335 ኬሚካሎችን ወስዶ እያንዳንዱ ኢ.ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርገው እንደሆነ በቤተ ሙከራ ፈተነ። ውጤቱን ለኮምፒውተር ፕሮግራም አስተማሩት። ከዚያ ለሌላ ለሌላ በሽታ የተሠሩ ወደ 6,000 የሚጠጉ ኬሚካሎችን ዝርዝር ሰጥተው፣ ባክቴሪያ ሊገድል የሚችለውን፣ ግን ከምናውቃቸው አንቲባዮቲኮች ጋር የማይመሳሰለውን እንዲመርጥ ጠየቁት። ፕሮግራሙ ለስኳር በሽታ ታስቦ የነበረ፣ በኋላም የተተወ አንድ ኬሚካል አወጣ። ሲሞክሩት የቲቢን ባክቴሪያ ገደለ። ሆስፒታሎችን የሚያስጨንቀውን፣ መድኃኒት ሁሉ የተላመደውን አሲኔቶባክተር ጭምር ገደለ፤ በእሱ የታመሙ አይጦች በቅባት መልክ ሲሰጣቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከኢንፌክሽኑ ጸዱ። በየካቲት 2020 ታተመ። ስሙን ሃሊሲን ያሉት ስታንሊ ኩብሪክ በሠራው የጠፈር ፊልም ላይ ካለው ሃል ከተባለው ኮምፒውተር ወስደው ነው።

ኬሚካሉ መደርደሪያ ላይ ነበር። ማንም ሊሞክረው ይችል ነበር። ማንም አልሞከረውም፤ ምክንያቱም የተማረ ሰው ዓይን አንቲባዮቲክ የሚመስለውን እየመረጠ ነው የሚፈልገው። ማሽኑ ያ ልማድ አልነበረበትም። እንግዲህ ይህ ግኝት ካልሆነ ግኝት የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

የአልፋፎልድን ታሪክ አንባቢ ሳይሰማው አይቀርም፤ በአጭሩ ልለፈው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚወስነው ሰንሰለቱ እንዴት እንደተጣጠፈ ነው። የአንዱን ፕሮቲን ቅርጽ በራጅ ለማወቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ለንደን ያለው ዲፕማይንድ በ2020 ቅርጹን ከሰንሰለቱ ብቻ የሚተነብይ ፕሮግራም አቀረበ፤ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ለዓለም በነፃ ለቀቀ፤ በ2024 የዲፕማይንዶቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከሌላ ተመራማሪ ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ሽልማቱ የተሰጠው ለሰዎቹ እንጂ ለፕሮግራሙ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ደግሞም ፕሮግራሙ የተማረው ከ1971 ጀምሮ ሳይንቲስቶች አንድ በአንድ ለፍተው ካከማቿቸው 170 ሺህ ገደማ የፕሮቲን ቅርጾች ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

"ግን እኮ ማሽን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው" የሚል አይጠፋም። ክርክሩ አሮጌ ነው። እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ በ1843 ገና ተሠርቶ ስላላለቀ የሒሳብ ማሽን ስትጽፍ፣ ማሽኑ ከራሱ የሚያፈልቀው ነገር እንደማይኖርና እኛ ማዘዝ የምናውቀውን ብቻ እንደሚፈጽም ተናግራለች። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 መለሰላት፤ እኔን ማሽኖች ዘወትር ያስደንቁኛል አለ። በመጋቢት 2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ከኮሪያው የጎ ጨዋታ ሊቅ ከሊ ሴዶል ጋር ሲጋጠም፣ በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛዋን ጠጠር ያሳረፈበት ቦታ ተንታኞቹን ስህተት መስሏቸው ነበር። በፕሮግራሙ የራሱ ስሌት ሰው ያንን የመጫወት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነበር። ጨዋታውን ያሸነፈው አልፋጎ ነው። ይህን እንዲጫወት ያዘዘው ሰው የለም፤ የሠሩትም ሰዎች አያውቁትም ነበር።

እንዲያውም ሰውም ቢሆን ሲያገኝ ሁልጊዜ ነቅቶ አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖአንካሬ ሲለፋበት የከረመው ጉዳይ መልሱ የመጣለት ኩታንስ በምትባል ከተማ የሕዝብ ሰረገላ ላይ ለመውጣት እግሩን ደረጃው ላይ ሲያኖር ነው፤ በዚያች ሰዓት ስለ ሒሳብ እያሰበ አልነበረም። ተኝቶ ማለዳ መልሱን ይዞ የተነሣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የግኝት ትልቁ ክፍል እኛ ሳናውቀው ውስጣችን የሚሠራ ከሆነ፣ ሳያውቀው የሚሠራ ማሽን ቢያገኝ ምን ይገርማል?

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንሄድ ግን መሬቱ ይርቀናል።

ንቃተ ኅሊና ስል ብልህነት ማለቴ አይደለም። የሰውን ጣት በላንሴት ስወጋው እጁን ይሰበስባል፤ ፊቱን ያጨማድዳል። ይህን የሚያደርግ ሮቦት መሥራት ይቻላል። ሰውየው ግን ከመሰብሰቡ ሌላ ያመዋል። ያ ሕመም ለእሱ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል በ1974 በጻፈው ጽሑፍ የሌሊት ወፍን አንሥቶ፣ በድምፅ ማስተጋባት ዓለምን ማየት ለወፏ ምን እንደሚመስል ስለ አንጎሏ ሁሉንም ብናውቅ እንኳ አናውቀውም ብሏል። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ደግሞ ይህን ከባዱ ችግር ይለዋል፦ ሥጋና ኤሌክትሪክ እንዴት ስሜት ይወልዳል? በ1998 የነርቭ ሳይንቲስቱ ክሪስቶፍ ኮኽ በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና መነሻ አንጎል ውስጥ የት እንደሆነ በግልጽ እናገኛለን ብሎ ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ። በ2023 ኒውዮርክ ላይ በሰው ፊት መረታቱን አምኖ የወይን ጠጅ ሣጥን አስረከበ። በሳይንስ ያልተቋጨ ጉዳይ መሆኑን ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ታዲያ ማሽኑን ለምን አንጠይቀውም? ጠይቀውታል። በ2022 ብሌክ ሌሞይን የተባለ የጉግል መሐንዲስ ላምዳ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ብዙ ተወያይቶ፣ ፕሮግራሙም መጥፋትን እፈራለሁ ብሎት፣ ስሜት ያለው ፍጡር ነው ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ፤ ከሥራም ተሰናበተ። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም በኤምአይቲ የሠራው ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም የሰውን ንግግር እየገለበጠ ከመጠየቅ በቀር ምንም አያውቅም ነበር። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ግን ከፕሮግራሙ ጋር መጨዋወት ጀምራ ጥቂት እንደቆየች፣ እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰው እንዲህ ነው። የሚያዳምጠው ከመሰለው ልቡን ይሰጣል።

የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከኤላይዛ እጅግ የራቁ ናቸው። ግን የተማሩት ሰው ከጻፈው ነው፤ ከልቦለዱ፣ ከደብዳቤው፣ ከለቅሶው። ሰው ስለ ፍርሃቱና ስለ ሞቱ የጻፈውን ሁሉ አንብበዋል። "ትፈራለህ ወይ?" ብለህ ስትጠይቀው "እፈራለሁ" ቢልህ የፈተናውን መልስ አስቀድሞ ያየ ተማሪ እንደማረም ነው፤ ልክ መልሷል፤ ማወቁን ግን አላወቅህም። "አልፈራም" ቢልህም ያው ነው፤ እንዲያ እንዲል ተምሮ ይሆናል።

መልክም አይረዳንም። ሳውዲ አረቢያ በ2017 ዜግነት የሰጠቻት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ሶፍትዌሯን በመሥራት የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ድርሻ ነበረው። ስትመጣ የተወሰኑ የአካል ክፍሎቿ ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፋ። እኔ ሻንጣዬ ቢጠፋ ያቃጥለኛል። የእሷ ሲጠፋ የሚቃጠሉት ይዘዋት የመጡት ናቸው። ፊቷ ሲስቅ ያየ ሁሉ ግን አንጀቱ ይላወሳል። የእኛ አንጀት ጥሩ መለኪያ አይደለም።

እኔ በሙያዬ ምክንያት የማልረሳው ሌላ ታሪክ አለ፤ ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ በሽተኛ ነው። በ2006 አድሪያን ኦወን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ካምብሪጅ ላይ፣ በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ ዓይኗን ብትገልጥም ለምንም ነገር ምላሽ የማትሰጥ የ23 ዓመት ወጣት አንጎልን በኤምአርአይ መረመረ። "ቴኒስ እየተጫወትሽ እንደሆነ አስቢ" አሏት። የአንጎሏ እንቅስቃሴን የሚያቅደው ክፍል እንደ ጤነኛ ሰው ተነሣሣ። "ቤትሽ ውስጥ ክፍል ለክፍል እየዞርሽ እንደሆነ አስቢ" ሲሏት ሌላው ክፍል ሠራ። ልጅቷ ትሰማ ነበር ማለት ነው። በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናትም ትእዛዝ ሲሰጣቸው ምንም ከማይንቀሳቀሱ 241 በሽተኞች 60ዎቹ በአንጎላቸው ትእዛዙን ሲከተሉ ተገኝተዋል ይላል። ከአራት አንዱ! አልጋቸው አጠገብ "ይኼ እኮ አይሰማም" እያልን ስንት ነገር ተናግረን ይሆን?

እንግዲህ አንደበት የሌለው ሰው ውስጡ ነቅቶ ሊሆን ይችላል፤ አንደበተ ርቱዕ ማሽን ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሰውን ያወቅነው አንጎሉ እንደ እኛ አንጎል ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ክፍል ሲሠራ ተመሳሳይ ነገር እንደሚሰማው ገምተን ነው። ማሽን ላይ ይህ ድልድይ የለንም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ተከፋፍለዋል። በርናርድ ባርስ የጀመረውን ሐሳብ የሚከተሉት ንቃተ ኅሊና ማለት አንድ መረጃ ከብዙ ድብቅ ሥራዎች መሀል ተመርጦ ለመላው አንጎል መሰራጨቱ ነው ይላሉ፤ እንደነሱ ከሆነ እንዲያ ተደርጎ የተሠራ ማሽን ሊነቃ ይችላል። ጁሊዮ ቶኖኒ ደግሞ ዋናው ነገር የአካሉ ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት ተሳስረው እንደሚጓተቱ ነው ይላል፤ በእሱ ስሌት ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ አይነቃም። በ2023 አሥራ ዘጠኝ ተመራማሪዎች የነበሩትን ፕሮግራሞች በየንድፈ ሐሳቡ መዝነው፣ ነቅቷል ተብሎ በብርቱ የሚጠረጠር የለም፣ ወደፊት እንዳይሠራ የሚከለክል ግልጽ እንቅፋትም አልታየንም ብለዋል።

"ነፍስ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ናት፤ ብረት ነፍስ የለውም" የሚለኝ ብዙ ወዳጅ አለኝ። አከብረዋለሁ። ቱሪንግ ግን ለዚህም በ1950 መልስ ነበረው፤ ፈጣሪ ቢፈቅድ ለዝሆን ነፍስ መስጠት አይችልም ልንል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉን የሚችለውን ይህን አይችልም ማለት ትሕትና አይመስለኝም። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ነቅቷል የሚለውን አላምንም፤ መቼም አይነቃም የሚለውንም አላምንም።

ወደ ግኝት ልመለስ፤ ያልተነካ ነገር አለና።

በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቢልሃርዝያን ሊያጠና ዓድዋ ሄደ። ቢልሃርዝያን ላቦራቶሪ ያለን ሰዎች በእንቁላሉ እናውቀዋለን፤ ሰገራውን በሳላይን በጥብጠህ ስታየው ጎኑ ላይ እሾህ ያለው ትልቅ እንቁላል ይወጣል፤ አንዴ ያየው አይስተውም። ተውሳኩ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ወንዝ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ይበሳል። አክሊሉም ቀንድ አውጣ እየፈለገ ወንዝ ለወንዝ ይሄዳል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በኩል ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ።

ቆመ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለመናት፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ ከእንዶዱ አረፋ ጨመረችለት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ያች ሙከራ ናት ሙሉ ግኝቱ። ቀሪውን ዕድሜውን የፈጀው ይህን ለዓለም በማስረዳት ነው። ውጭ አገር ያሉ ተቋማት እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው አስረዳ፣ የእናንተን ላቦራቶሪ ውጤት አንቀበልም እያሉ ዓመታት አስቆጠሩ። በ1989 አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እዚያ ወንዝ ዳር ማሽን ብናቆም ምን ያደርግ ነበር? ካሜራ ብንሰጠው የሞተውንና የቆመውን ቀንድ አውጣ ከአክሊሉ በፈጠነ ይቆጥር ነበር። "ለምን እዚህ ብቻ ሞቱ?" ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል፤ አዳም እርሾ ላይ አድርጎታልና። ስለዚህ ማየቱ ላይ አልመጻደቅም። እኔን የሚያቆመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው። ማሽኑን ዓድዋ ማን ያመጣዋል? አክሊሉን ወንዝ ዳር ያመጣው ሆዳቸው የተነፋ ልጆች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለቢልሃርዝያ መከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ250 ሚሊዮን በላይ ናቸው ብሏል፤ አብዛኞቹ መድኃኒት የመግዛት አቅም የላቸውም። ማሽን ቢልሃርዝያ አይዘውም፤ ማሽኑን የሚገዛውም ሰው አይዘውም። የሚያመው ከሌለ ጥያቄው አይነሣም። ንቃተ ኅሊና ለግኝት ያስፈልጋል ከተባለ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ የቱ ነገር ሊፈለግ እንደሚገባው በሚወሰንበት ቦታ።

ሁለተኛው ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። አልፋፎልድ 170 ሺህ ቅርጾች ነበሩለት፤ ሃሊሲንን ያገኘው ፕሮግራም 2,335 የተፈተኑ ኬሚካሎች ነበሩለት። እንዶድ ግን የት ተጽፎ ነበር? ያጥቡበት የነበሩት ሴቶች እጅ ላይ። ማሽን የሚፈልገው የተጻፈው ውስጥ ነው። የእኛ ደግሞ አይጻፍም፤ ከተጻፈም አይቆይም። እኔ ራሴ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታ የአንድ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ መዝገብ ቅዳጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቀን፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ውጤት። ቆሎውን አልበላሁትም። ያሳዘነኝ ግን ወረቀቱ ነው። የየትኛው ወንዝ ልጆች በየትኛው ወር ቢልሃርዝያ እንደሚበዛባቸው ከዚያ መዝገብ ማንበብ ይቻል ነበር፤ ለሰውም ለማሽንም።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ያላችሁ ልጆቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የድሮ መዝገብ አትሽጡ፣ አታቃጥሉ፤ ስካነር ባይኖር በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ የበሽተኛውን ስም ሸፍናችሁ። የዛሬውን ስትሞሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ "ሪማርክ" የሚለው ዓምድ አለ፤ ሁላችንም ባዶ የምንተወው። ከለመዳችሁት ወጣ ያለ ነገር ስታዩ፣ ምን እንደሆነ ባታውቁትም እንኳ፣ እዚያ ላይ ጻፉት።